ያቀናሁት መንጋጋ

ደብረ ታቦር መናኸሪያ ወርዳችሁ «የውሻ ሠዓሊው የት ነው?» ብትሉ ማንኛውም የባጃጅ ሹፌር ሱቄ በር ላይ ያደርሳችሁ ነበር። አሁን ብትመጡ የምታገኙት ካልሲና የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። ሱቁን ለቅቄያለሁ። ሰው ሲያገኘኝ «ዓይንህ ደከመ እንዴ?» ይለኛል፤ «አዎ» ብዬ አልፈዋለሁ፤ ለጠያቂውም ለእኔም የሚቀለው እሱ ነው። ዓይኔ ግን ምንም አልሆነ። ዛሬም መርፌ ላይ ክር የማስገባው ራሴ ነኝ። ለምን እንደተውኩት አንድ ጊዜ በደንብ ተናግሬ ልገላገል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። መምህሬ መሪጌታ ፈንታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ብሩሼ ላይ ቀለም አብዝቼ ካዩኝ በያዙት ብሩሽ እጀታ ጉልበቴን ይሉኛል። ሲሠሩ አይናገሩም፤ የሚናገሩት ዓይን ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው። ዓይን ምንጊዜም መጨረሻ ነው። ልብሱን፣ እጁን፣ አክሊሉን ይጨርሱና ዓይኑን ባዶ አድርገው ይተዉታል። ዓይን በሚሠሩበት ቀን እህል አይቀምሱም፤ ከሰው ጋር ተቀያይመው ከዋሉም ጭራሽ አይነኩትም። ጠዋት መጥተው አንድ ስንደዶ ይቆርጡና ከአፍንጫው ሥር እስከ አንደኛው ዓይን ይለካሉ፤ በዚያው ስንደዶ ሌላውን ይለካሉ። ትንሽ ከተዛነፈ ጠርገው እንደገና ይጀምራሉ።

«ጻድቅ ፊቱን ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይህ» ይሉኝ ነበር። «በጎኑ የሚያይህ፣ ዓይኑ የተዛባ፣ እሱ ይሁዳ ነው፤ እሱ ሰይጣን ነው። ደግ ሰው ሆኖ መልኩ የተጣመመ ካጋጠመህ አንተ አቅናው። የእኛ ሥራ ማቅናት ነው።»

አንድ ጊዜ ሥዕሉን ያሠሩ ባላገር ከበቅሎ ወድቀው አገጫቸው ወደ ጎን የሄደ ሰው ነበሩ። እንደ ልማዱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ሲጸልዩ ይሣላሉ። መሪጌታ አገጩን ቀጥ አድርገው ሣሉት። ሰውዬው ሥዕሉ ፊት ቆመው አለቀሱ። እኔ ያኔ ልጅ እግር ነበርኩ፤ ይህን ያህል ሰው የሚያስደስት ሙያ በመያዜ ኮራሁ።

መሪጌታ ካረፉ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ታፔላና መፈክር ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ስለዚያ ዘመን ብዙ የምለው የለኝም። አለቃው ተቀያየረ፣ መፈክሩም ተቀያየረ፤ ቀይ ቀለም ብቻ ሳይቀየር ጡረታዬ ደረሰ። አንዱ አለቃዬ «ፊደሉ ከሩቅ ይታይ» እያለ ሲያስጨምረኝ መፈክሩ ግድግዳው ላይ አልበቃ ብሎ መጨረሻው በር ላይ ተጻፈ፤ በሩ ሲከፈት የመንግሥት ሐሳብ ለሁለት ይሰነጠቅ ነበር። ኋላ የባነር ማተሚያ ማሽን መጣና እጄን ፈላጊ ጠፋ። ጡረታው ከእጅ ወደ አፍ ስለሆነ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ተከራይቼ የሰው መልክ ልሥል ተቀመጥኩ። ሰው ግን ፎቶ አለው፤ ማን ይምጣ?

የውሻው ነገር የመጣው ከዩኒቨርሲቲ ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ መምህር ቤቱ ውስጥ፣ ሶፋ ላይ፣ የምትተኛ ነጭ ውሻ ነበረችው። «ይሥሉልኛል?» አለኝ። የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር። ውሻ በአጥር ዙሪያ የሚኖር፣ ትርፍራፊ የሚጣልለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚባረር ፍጡር በሆነበት አገር የውሻ ሥዕል ፍሬም ውስጥ! ሣልኳት፤ ሌላ መጣ፤ የሆቴል ባለቤቱ መጣ፤ ውሻቸው የሞተባቸው መጡ። የንስሐ አባቴ «ቅዱስ ጊዮርጊስን የሣለ እጅ ለውሻ?» አሉኝ። «አባ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ባለጉዳዮች ይልቅ የውሻ ጌታ በጊዜ ይከፍላል» ብላቸው ሳይወዱ ሳቁ።

የምሠራው በአክሪሊክ ነበር። አክሪሊክ ችኩል ቀለም ነው። የዘይት ቀለም ይጠብቅሃል፤ ይኸኛው ነፋስ ባለበት ቀን ብሩሽህን ሳታነሳ ይደርቃል። እኔ ቀለሙን የምቀምመው ሳህን ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፌ ነበር። ጥቁር ውሻን በጥቁር ቀለም ከሣልከው ሸራው ላይ ጉድጓድ ይሆንብሃል፤ ቡናማና ጥልቅ ሰማያዊ ቀላቅለህ ነው ጥቁሩን የምታወጣው። መጀመሪያ ጨለማውን ትደለድላለህ፤ ከዚያ ጸጉሩን በበቀለበት አቅጣጫ፣ ስስ ስሱን፣ እየደረብክ ወደ ብርሃን ትወጣለህ። አስቸጋሪው የውሻ ፊት ለፊት ነው። አፍንጫው ወደ አንተ ስለሚመጣ ካልቻልክበት ድንች ይመስላል። ለዚህ ሲሉ ብዙዎች በጎን ይሥሉታል። እኔ በጎን ሥዬ አላውቅም። ፊቱን ሰጥቶ፣ ሁለት ዓይኑ እኩል፣ ዓይኑ መጨረሻ፤ መሪጌታ ቢያዩኝ ውሻ መሆኑን ይቆጡ ይሆናል እንጂ ዓይኑን አይነቅፉም።

ከፎቶ መሣልም አልወድም ነበር። ስልክ በቅርብ ሲያነሳ አፍንጫ ያሳብጣል፣ ግንባር ያሸሻል። ፎቶ የማነሳው ለጸጉሩ ቀለም ማስታወሻ ብቻ ነው። ለደንበኛ ሁሉ ስደሰኩር «ስልክ ፊት ያጣምማል፤ እጅ ያቀናል» እል ነበር። ይህን አባባል እንዴት እወደው እንደነበር!

የጉና ተራራ ሰው የሆነች አንዲት ልጅ ዐረብ አገር ሆና ደወለችልኝ። ስመኝ ትባላለች። ከቡችላነቱ ያሳደገችው መከታ የሚባል ውሻ አባቷ ቤት አለ፤ በጎቹን ከጅብ የሚያስጥለው እሱ ነው፤ አርጅቷልና ሳይሞት ይሣሉልኝ አለችኝ። «ፎቶ ልላክልዎት?» ስትለኝ «አይሆንም፣ ራሴ አየዋለሁ» ብዬ ቀለሜን ይዤ በሚኒባስ ወጣሁ፤ ከመንገዱ በኋላ ያለውን በእግሬ ሄድኩት።

አባቷ አያ ታፈረ ከእኔ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ገብስና ድንች የሚያመርቱ፣ ሲስቁ ትከሻቸው አብሮ የሚስቅ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ቁጥብ ናቸው። «የእኛ ልጅ አበደች! ለውሻ ብር ትልካለች» አሉ አያ ታፈረ፤ ግን ደስ ብሏቸዋል።

አክሪሊክ ብርድ አይወድም። ሲበርደው የደረቀ ይመስላል እንጂ አይያያዝም፤ በማግስቱ በጣትህ ብትነካው እንደ ዱቄት ይራገፋል። የቀለሙን ቱቦዎች ብብቴ ውስጥ ወትፌ፣ ፀሐይዋ ጠንከር እስክትል ጠብቄ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ በብርዱ ተሰነጣጥቆ ነበር። አያ ታፈረ መከታን ማጅራቱን ይዘው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ለጸጉሩ ቀለም ማስታወሻ በስልኬ ፎቶ አነሳሁትና ያችኑ የስልክ አባባሌን ለእሳቸውም ደሰኮርኩላቸው።

ውሻው አፉን አይገጥምም። መንጋጋው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ምራቁ ይዝረበረባል። ሲጮህ ድምፁ ጎርናና ሆኗል። የአንደኛው ዓይን ቆብ ወረድ ብሏል፤ ያኛው ብሌን ከዚኸኛው ይሰፋል። ይህን ሁሉ አየሁ። ከእኔ በላይ ያየው የለም፤ ሥራዬ ማየት ነው።

«ትናንት የበግ አጥንት ቆረጣጥሞ ነበር፤ አንቆት ነው» አሉ አያ ታፈረ። ወዲያው እጃቸውን እስከ አንጓቸው አፉ ውስጥ ከትተው ጉሮሮውን ፈተሹ። ምንም አላገኙም። እጃቸውን ሲያወጡ ጥርሱ ጫር አድርጓቸው ደም ፈንጠቅ አለ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። እኔም አንገቱን ቀና ላደርግ ስጠጋ ምራቁ እጄ ላይ ወረደ፤ በጨርቅ አበስኩት። ከዚያ ስለ አጥንቱ ሳይሆን ስለ መንጋጋው ማሰብ ጀመርኩ። ልጅቱ ይህን የተንጠለጠለ አፍ አይታ ታዝናለች፤ ይቅና አልኩ። አፉን ገጠምኩት። ምራቁን ተውኩት። በማግስቱ ምሳ ሳልበላ በስንደዶ ለክቼ ሁለቱን ዓይኖች እኩል አድርጌ ሠራኋቸው። በሕይወቴ ከሠራኋቸው የውሻ ዓይኖች ሁሉ ያማሩት እነሱ ናቸው።

«ይኸ ነው የእኔ መከታ!» አሉ አያ ታፈረ፤ ትከሻቸው ሳቀ። ለልጃቸው የሥዕሉን ፎቶ በስልኬ ላክሁላት። ሥዕሉ ግን እሷ እስክትመለስ ምሰሶው ላይ እንዲሰቀል ተባለ። ለመንገዴ ድንች ቋጥረው ሸኙኝ።

ከተመለስኩ በኋላ አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ያሠራችውን ሥዕል ልትወስድ መጣች። ስለ ጸጉር ቀለም እያወራን የመከታን ፎቶዎች ከስልኬ አሳየኋት። ሳቋ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ይህ ውሻ የት ነው ያለው?»

«ጉና። ምነው?»

«አፉ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«አጥንት አንቆት ነው አሉ።»

«አጥንት አይደለም። አፉ ውስጥ እጁን የከተተ ሰው አለ?»

አያ ታፈረ እጃቸውን እንደከተቱ፣ ምራቁም የእኔ እጅ ላይ እንደወረደ ነገርኳት። የውሻ እብደት ሁሉ በመናከስ እንደማይጀምር፣ አንዳንዱ እንዲህ መንጋጋው ወድቆ፣ ዓይኑ ተዛብቶ፣ ዝም ብሎ እንደሚሞት ነገረችኝ። መርፌው በጊዜ ከተወጉት ያድናል፤ ሕመሙ ሰውየው ላይ ከወጣ በኋላ ግን ማንም ምንም ሊያደርግለት አይችልም አለችኝ። ከዚያ የእኔን እጅ ገልብጣ ስንጥቃቱን አየች። በያዘችው ባጃጅ ያኔውኑ ሆስፒታል ወሰደችኝና የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋሁ።

በማግስቱ ጉና ወጣሁ። ስልክ አይሠራም ነበር። መከታ ሞቶ ጎርፍ በቦረቦረው ገደል አጠገብ ተጥሏል። አያ ታፈረ ደህና ናቸው፤ ያቺ ጭረት ድናለች።

«አያ ታፈረ፣ ተነሡና አብረን እንውረድ» አልኳቸው። «መከታ አብዶ ነበር። መርፌ መወጋት አለብዎት። እኔም ተወግቻለሁ፤ ይኸው ክንዴ።»

«እብድ ውሻ አገር ያቋርጣል፣ ያገኘውን ይናከሳል። የእኔ ውሻ እዚሁ ደጄ ላይ ነው የሞተ። አንድ ሰው አልነካ።»

«ዝም ብሎም የሚያብድ አለ ትላለች ሐኪሟ።»

ወደ ምሰሶው በጣታቸው አመለከቱኝ። «ያውልህ። እብድ ውሻ እንዲህ ነው የሚያይ?»

መከታ ሁለት እኩል ዓይኖቹን ተክሎ፣ አፉን ገጥሞ ያየናል። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። አዩት፤ ሳቁ።

«ስልክ ፊት ያጣምማል ያልኸኝ አንተው አይደለህ? አፍንጫ ያሳብጣል አላልኸኝም?»

«ብያለሁ። ግን አያ ታፈረ፣ ሥዕሉ ላይ መንጋጋውን ያቀናሁት እኔ ነኝ። ዓይኑንም እኔ ነኝ እኩል ያደረግሁት።»

እትዬ ጥሩወርቅ ገብስ ማበጠራቸውን አቆሙ። አያ ታፈረ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ከበደ።

«ታዲያ ለልጄ ውሸት ነው የሸጥኽላት?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። አዎ፣ ውሸት ነው፤ ይህን ሥዕል አውርደው እሳት ውስጥ ይጣሉትና እንሂድ ማለት ነበረብኝ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበትን ሙያ በአንድ ሰው ደጃፍ ውሸት ብዬ መጥራት አቃተኝ።

«ውሸትስ አይደለም» አልኳቸው። «መልክ ማቅናት ነው። የሙያው ደንብ ነው።»

«ውሸት ካልሆነ እውነት ነዋ» አሉና ፊታቸው በራ። «ውሻዬ ደህና ነበር። ልብህ እንዲያርፍ ግን ጠበል እጠጣለሁ።»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። በእኔ አነጋገር ተፈረደ። ከዚያ በኋላ የለመንኩት፣ የተቆጣሁት፣ በልጃቸው ስም የተማጸንኩት ሁሉ ምንም አልሠራም። ያ ሥዕል ከእኔ በላይ ይታመናል። እያለቀስኩ ነው የወረድኩት፤ አላፍርም።

ሐኪሟ እኔው አብሬዎት ሄጄ አስረዳቸዋለሁ ብላ ተዘጋጅታ ነበር። መንገዱ ተዘጋ። የዚያን ጊዜ መንገድ ሲዘጋ ለምን፣ እስከ መቼ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ተኩስ ሲሰማ ሱቅ መዝጋት ነው፣ ዝም ሲል መክፈት ነው። ተመላላሽ በመሆን የእኔን መርፌ ጨረስኩ። በእያንዳንዱ መርፌ የአያ ታፈረን እጅ አስብ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ገብሱ ታጭዷል። አንድ የጉና ነጋዴ አግኝቼ ስለ እሳቸው ብጠይቀው «አጨዳ ላይ አይቻቸዋለሁ፤ እንደ ጎረምሳ ነበሩ» አለኝ። ሐኪሟ ይህን ስነግራት አልተደሰተችም። «በሽታው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣ፤ ዛሬውኑ እንውጣ» አለች። ዕለቱን ሚኒባስ አጣን። በማግስቱ ስንወጣ መንገድ ላይ አገኘናቸው፤ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ሲያወርዷቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ከቃሬዛው ኋላ ነበሩ። እንደነገሩኝ፣ አያ ታፈረን መጀመሪያ ያ የተጫረ እጃቸውን ያሳክካቸው ጀመር፤ ከዚያ ውኃ አልዋጥ አላቸው። ጠበል ሲወስዷቸው ገና ጠበሉን ሲያዩ ጮኹ፣ ተንዘፈዘፉ። ጠበል የሚፈራ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሰይጣን ነው ተባለና፣ ይውጣላቸው ተብሎ ያን የሚሸሹትን ውኃ ሰዎች ይዘዋቸው በላያቸው ላይ አፈሰሱባቸው። አያ ታፈረ ምን እንደበደሉ ሳያውቁ እግዚአብሔርን ይቅርታ ይጠይቁ ነበር አሉኝ።

ሆስፒታል ገብቼ አየኋቸው። አፋቸው አልገጥም ብሎ ምራቃቸው ይወርዳል። ማን እንደሆንኩ አውቀውኛል። ውኃ እንደጠማቸው በእጃቸው አመለከቱ፤ ኩባያው ሲቀርብ ጉሮሯቸው ተሸማቀቀ። ያን መንጋጋ ከዚያ በፊት አይቼዋለሁ። ሐኪሙ ያስታመሙትን ሁሉ መርፌ አስወጋቸው። አያ ታፈረ በማግስቱ አረፉ።

ከአርባቸው በፊት እትዬ ጥሩወርቅ ሱቄ መጡ። ሊረግሙኝ የመጡ መስሎኝ ተነሥቼ ቆምኩ። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው የባለቤታቸውን መታወቂያ አወጡ። ፎቶው ላይ ላብና ውኃ ገብቶበት ግንባራቸውና ጆሯቸው ብቻ ቀርቷል።

«ሌላ ፎቶ የለነም» አሉ። «ስመኝም ልካ አባቴን፣ አባቴን ትላለች። እኔ ደግሞ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ያ የመጨረሻው ፊት ነው። ስንት ዘመን አብሬው የኖርሁትን ደህናውን ፊት ወሰደብኝ። ደህናውን ይሣሉልኝ።»

«በእኔም ላይ የሚመጣው ያው የመጨረሻው ነው እትዬ ጥሩወርቅ።»

«ቢሆንም ያቅኑት» አሉ። «እንደ ውሻው አድርገው ይሣሉልኝ።»

ፊታቸውን አየሁ። ክፋት ፈለግሁበት፤ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ክፋት የለውም። ሌላ ሠዓሊ ስለማያውቁ፣ ያ ሥራዬ ስላማራቸው ነው እንደዚያ ያሉት።

ሣልኳቸው። መንጋጋቸውን አቀናሁት፣ አፋቸውን ገጠምኩት፣ ምራቁን ተውኩት። ዓይናቸውን ስሠራ እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ቢንቀጠቀጥ ደስ ይለኝ ነበር። ትከሻቸውን ትንሽ ከፍ አደረግሁት፣ ሊስቁ ያሉ እንዲመስሉ። ያኔ ይህ የመጨረሻ ሥራዬ እንደሆነ አውቄ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ ሊወስዱት ሲመጡ ጨርቁን ገለጥኩላቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። እጃቸውን ዘርግተው ቀለሙን ሳይነኩ ጉንጩ አጠገብ አቆሙት።

«እትዬ ጥሩወርቅ» አልኳቸው። «ይሄ ውሸት ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ዓይናቸውን ከሥዕሉ ላይ አላነሡም። «ይስጡኝ።»

ሰጠኋቸው።